የአማዞን ጫካ «የወሲብ ፍላጎት ማነቃቂያ» እጃችሁ ከገባ፦ ከመዋጣችሁ በፊት እንዴት ትመረምሩታላችሁ?

ጠርሙሱ ላይ አረንጓዴ ጫካ አለ። አንዳንዱ ላይ ነብር መሳይ አውሬም ተጨምሮበታል። ስሙ ሙይራ ፑዋማ ነው፣ ወይም ካቱዋባ፣ ወይም ሁለቱ ከጓራና ጋር ተቀላቅለው «የአማዞን ኃይል» ተብለዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ከዱባይ በመጣ ሰው ሻንጣ ይገባል፤ በጅቡቲ መስመር ከሚመጣ ዕቃ መሃልም አይጠፋም። አሁን አሁን ደግሞ በቴሌግራም ይሸጣል። ሐረርም ያው ነው። ሰው ዝም ብሎ ይገዛል። ነገሩ ለጓደኛም ለሐኪምም በቀላሉ አይነገርም። ሻጩ ደግሞ ምንም አይጠይቅም።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ሰዎች ጠርሙሱን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ያመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ ነገር ይሠራል?» ይሉኛል። ለዚህ አጭር መልስ የለኝም። እንዴት እንደሚመረመር ግን ላሳያችሁ እችላለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ከእነዚህ ጠርሙሶች መካከል እኔ የምፈራው ምንም የማይሠራውን አይደለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጉድ የሚያሰኘውን ነው። ምክንያቱ ደረጃ 5 ላይ አለ፤ የቸኮለ ሰው በቀጥታ ወደዚያ ይዝለል።

ደረጃ 1፦ የጎደለው ምን እንደሆነ ለዩ

ብዙ ሰው ሁሉንም ነገር «ስንፈተ ወሲብ» ብሎ በአንድ ቋት ይከተዋል። ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ፍላጎቱ ራሱ ሲጠፋ ነው፤ ሐሳቡም አይመጣም፣ ቢመጣም አያጓጓም። ሁለተኛው ፍላጎት እያለ ሰውነት እንቢ ሲል ነው፤ ወንድ ላይ ብልት አይቆምም፣ ሴት ላይ እርጥበት አይኖርም። ሦስተኛው ሕመም ነው። አራተኛው ድካም ብቻ ነው፤ ሰውዬው እንቅልፍ እንጂ ሌላ አያምረውም።

የአማዞኑ ጠርሙስ ለአራቱም እሆናለሁ ይላል። ይህ ብቻውን ሊያጠራጥራችሁ ይገባል።

ፍላጎት ከፍና ዝቅ ይላል። ልጅ የወለደች፣ ሐዘን ላይ ያለ፣ ዕዳ የያዘው፣ ሥራ ያጣ ሰው ፍላጎቱ ቢቀንስ በሽታ አይባልም። ለወራት ከዘለቀና ራሳችሁን ካስጨነቃችሁ ግን ምክንያት መፈለግ አለበት። «ራሳችሁን» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አንዳንዴ ችግሩ የሁለቱ ሰዎች ፍላጎት አለመመጣጠን ነው፤ እሱ በየቀኑ ይፈልጋል፣ እሷ በሳምንት አንዴ ይበቃታል። ይህን የሚያስተካክል የዛፍ ሥር የለም፤ ሁለቱ ቁጭ ብለው መነጋገር አለባቸው።

ምክንያት ስትፈልጉ መጀመሪያ የምትወስዱትን መድኃኒት እዩ። ለድብርት የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ፍላጎትን በመቀነስ የታወቁ ናቸው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሪስፔሪዶንና ሃሎፔሪዶል ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ፤ ፕሮላክቲን ሲጨምር ፍላጎት ይወርዳል። ለግፊትና ለልብ ከሚሰጡት ውስጥ ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎልና ስፓይሮኖላክቶን ይጠቀሳሉ። በየሦስት ወሩ የሚወጋው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌም አንዳንድ ሴቶች ላይ ፍላጎት ይቀንሳል። እዚህ ላይ አደራ፣ መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ሐኪሙ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊቀይር ይችላል። የግፊት መድኃኒት አቁሞ የአማዞን እንክብል የሚጀምር ሰው ግን ስትሮክን ደጁ ድረስ እየጠራ ነው።

ቀጥሎ በሽታዎች አሉ። ስኳር፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ማነስ። ጡት የምታጠባ ሴት ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞኗ ዝቅ ስለሚል ድርቀትና የፍላጎት መቀነስ ሊያጋጥማት ይችላል፤ ከወር አበባ መቋረጥ በኋላም እንዲሁ ነው። በልጅነቷ የተገረዘች፣ በተለይም የተሰፋች ሴት ግንኙነቱ ሕመም ብቻ ከሆነባት ፍላጎት ከየት ይመጣል? በእኛ አካባቢ ይህ ብርቅ አይደለም። ጠባሳውን አይቶ ሊረዳ የሚችለው የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ነው። ባል ጠርሙስ ገዝቶ ለሚስቱ ሲያመጣላት ሳይ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁሌም «ያማታል እንዴ?» ነው።

ችግሩ ሰውነት ላይ ከሆነ፣ ማለትም ፍላጎት ኖሮ ብልት የማይቆም ከሆነ፣ ነገሩን እንደ ማስጠንቀቂያ ውሰዱት። የብልት ደም ቧንቧዎች ከልብ ቧንቧዎች ይቀጥናሉ። ስለዚህ ቧንቧ መጥበብ ሲጀምር ምልክቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ቀድሞ ይታያል፤ የልብ ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ይከተላል። አርባ ያለፈ፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ከጠርሙሱ በፊት ግፊቱን፣ ስኳሩንና ኮሌስትሮሉን ይለካ።

ጫትስ? ድሬ ተቀምጬ ስለ ጫት ሳላወራ ብቀር ማን ያምነኛል። በበርጫ ሰዓት ሐሳቡና ወሬው ሊሞቅ ይችላል። ምርቃናው ሲወርድስ? ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት 10 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደርጎ የቀን ቴስቶስቴሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዶ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው። ቢሆንም ከሰዓት እስከ ማታ ቅሞ ሌሊቱን ጣሪያ ሲቆጥር የሚያድር ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ ሥር ከመግዛቱ በፊት ሦስት አራት ሳምንት ጫቱን ትቶ፣ ተኝቶ ቢያየው ገንዘቡ ይተርፈዋል። «አቦ ጫቱን አትንካብኝ!» የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። አልነካሁም፤ ሞክረው ነው ያልኩት።

ደረጃ 2፦ ተክሉን እወቁ

ሙይራ ፑዋማ በብራዚል አማዞን የሚበቅል ትንሽ ዛፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፕቲኮፔታለም ኦላኮይደስ ይባላል። የአካባቢው ሰዎች ሥሩንና ግንዱን አፍልተው ወይም አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈው ለወሲብ ድክመት፣ ለቁርጥማትና ለነርቭ ሕመም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ይህ እውነተኛ ባህል ነው፤ አልንቀውም። የእኛም አገር ሥርና ቅጠል አዋቂዎች አሉት። ችግሩ የአማዞን ሽማግሌ ከዛፉ ሥር ቆርጦ የሚያፈላው ነገርና ሦስት አገር ዞሮ ድሬ የደረሰው እንክብል አንድ መሆናቸውን የሚያረጋግጥልን አለመኖሩ ነው። በሙይራ ፑዋማ ስም ሊሪኦስማ ኦቫታ የተባለ ሌላ ዛፍም ይሸጣል።

ካቱዋባ ላይ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ካቱዋባ የአንድ ዛፍ ስም አይደለም። ብራዚል ውስጥ የተለያዩ፣ ቤተሰባቸው እንኳ የማይገናኝ ተክሎች በዚህ ስም ይጠራሉ፤ ትሪኪሊያ ካቲጉዋ አንዱ ነው፣ አኔሞፔግማ አርቬንሴ ሌላው። ስለ አንዱ የተጠና ነገር ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ «ካቱዋባ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ጠርሙስ ምን እንደያዘ አልነገራችሁም።

ጓራና ግልጽ ነው። ፍሬው ካፌይን አለው፤ በክብደት ሲለካ ከቡና ፍሬ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ። «ኃይል ሰጠኝ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የተሰማው ይህ ነው። የሐረር ቡና አገር ተቀምጦ ካፌይን ከብራዚል በውድ ማስመጣት ትንሽ ያስቃል። ግን ቁም ነገርም አለበት። ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ከ400 ሚሊግራም ካፌይን በላይ ባይወስድ ይመከራል፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ከ200 በታች። ሦስቱን የቡና ዙር ጠጥቶ፣ ሆጃ የሚባለውን የሐረር የቡና መጠጥ ደግሞ፣ ከሰዓት ጫት ቅሞ፣ ማታ ላይ ጓራና የሚውጥ ሰው ልቡ ከበሮ ሲመታ መገረም የለበትም።

አንድ ላይ ስለሚሸጡ ሁለት ስሞች ልጨምር። ማካ የአማዞን አይደለም፤ በፔሩ አንዲስ ተራሮች ላይ ከ4000 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ የሚበቅል ሥር ነው። ጎጂ ነው እያልኩ አይደለም። ማካን «ከአማዞን ጫካ» ብሎ የሚጽፍ አምራች ግን የሌላውንም ነገር በትክክል ጽፏል ብዬ አላምንም። ዮሂምቤ ደግሞ የምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ዛፍ ቅርፊት ነው። ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ያስመታል፣ ያስጨንቃል። ዝርዝሩ ላይ ካያችሁት ግፊት፣ የልብ ወይም የጭንቀት ሕመም ያለበት ሰው አይንካው።

ደረጃ 3፦ ጠርሙሱን አዙራችሁ አንብቡ

ፊቱን ተዉት። ፊቱ ማስታወቂያ ነው። ጀርባውን እዩ፤ ጽሑፉ ካነሰባችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት።

የተክሉ ሳይንሳዊ ስምና የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ሥር፣ ቅርፊት ወይም ፍሬ፣ ተጽፏል? በአንድ እንክብል ስንት ሚሊግራም እንዳለ ተለይቶ ተቀምጧል? ወይስ አሥር ተክል ተዘርዝሮ መጨረሻ ላይ «ልዩ ቅይጥ 1200 ሚሊግራም» ብቻ ይላል? እንዲህ ከሆነ ሙይራ ፑዋማው 5 ሚሊግራም፣ ቀሪው የሩዝ ዱቄት ሊሆን ይችላል፤ እናንተ የምታውቁበት መንገድ የለም። እኔ ቅይጡን በዝርዝር የማይነግረኝን ጠርሙስ ከዚህ በላይ ማንበብ አልቀጥልም።

የተፈጨ ዱቄትና ጭማቂው የወጣለት አንድ አይደሉም። «4 ለ 1» የሚል ካለ አራት ኪሎ ተክል ወደ አንድ ኪሎ ተጨምቋል ማለት ነው። ሻጩ የሚጠቅሰው ጥናት በጭማቂ የተሠራ ሆኖ እጃችሁ ያለው ዱቄት ከሆነ ቁጥሩን ማወዳደር አይቻልም።

የምርት መለያ ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የአምራቹ ሙሉ አድራሻ መኖር አለበት። «በአሜሪካ የተሠራ» ብቻውን አድራሻ አይደለም። «በኤፍ ዲ ኤ የጸደቀ» የሚል ካያችሁ ጠርሙሱን መልሱ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍ ዲ ኤ እንዲህ ያሉ የምግብ ማሟያዎችን ገበያ ከመውጣታቸው በፊት መርምሮ አያጸድቅም። ስለዚህ ይህ ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ማሟያ ከመጀመሪያው መስመር እየዋሸ ነው።

በሕጋዊ መንገድ የገባ ዕቃ አስመጪው ይታወቃል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለመዘገባቸው ምርቶች ፋርማሲስት ጠይቃችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ከጫማና ከሽቶ መሃል የተሰለፈ እንክብል አስመጪው ማን ነው? ችግር ቢመጣ ለማን ትናገራላችሁ?

እኛ ጋ የሚነሱ ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ። በጠብታ የሚሸጠው ሙይራ ፑዋማ ብዙ ጊዜ በአልኮል የተዘፈዘፈ ነው። አልኮል የማይቀምስ ሙስሊም ወገናችን ይህን ሳያውቅ እንዲውጠው አይገባም፤ ዝርዝሩ ውስጥ «ኢታኖል» የሚል ፈልጉ። የእንክብሉ ሽፋን ጄላቲን ከሆነ ብዙ ጊዜ ከከብት ወይም ከአሳማ የሚሠራ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ ወይም የሐላል ምልክት ከሌለ አይታወቅም። ለጾመኛም የሚሻለው ከተክል የተሠራ ሽፋን ነው።

ደግሞ ሙቀቱ አለ። አብዛኛው ጠርሙስ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። ድሬዳዋ በሞቃቱ ወራት ከ35 ዲግሪ በላይ ትገባለች። ዕቃው በጭነት መኪና፣ በቆርቆሮ ሱቅ፣ በፀሐይ መስታወት ጀርባ ስንት ሳምንት ከረመ? እንክብሎቹ እርስ በርስ ከተጣበቁ፣ ቀለማቸው ከተለወጠ ወይም ከሸተቱ ጣሏቸው።

ደረጃ 4፦ «ጥናት አለው» ሲሏችሁ

አለው። ሻጩ በዚህ አልዋሸም። ስለ ሙይራ ፑዋማ ደጋግሞ የሚጠቀሰው ፓሪስ ውስጥ ዣክ ዋይንበርግ የተባለ ሐኪም በ262 ሰዎች ላይ የሠራው ነው። ሰዎቹ በቀን ከ1 እስከ 1.5 ግራም ጭማቂ ለሁለት ሳምንት ወሰዱ። ፍላጎት ከጠፋባቸው መካከል 62 በመቶዎቹ ረድቶናል አሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ202 ሴቶች ላይ ነው። እነሱ ሙይራ ፑዋማ ጊንኮ ከተባለ ሌላ ዛፍ ቅጠል ጋር የተቀላቀለበትን ለአንድ ወር ወስደው 65 በመቶዎቹ ለውጥ አይተናል ብለዋል።

ቁጥሮቹ ያጓጓሉ። ሁለቱም ጥናቶች ግን አንድ ነገር ጎድሏቸዋል። ምንም የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል የሚውጥ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበራቸውም። ይህ ለምን ያስጨንቀናል? ፍላጎት ከሁሉም በላይ በተስፋ የሚነካ ነገር ስለሆነ ነው። ገንዘብ አውጥታችሁ፣ በምስጢር አምጥታችሁ፣ «ዛሬ ይለወጣል» ብላችሁ ስትውጡ ግማሹ ሥራ በሐሳብ ተሠርቷል። ለሴቶች ፍላጎት ማነስ በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ፍሊባንሰሪን ሲሞከር፣ ባዶ ኪኒን የወሰዱት ሴቶችም በግልጽ ተሻሽለው ነበር። ትክክለኛው መድኃኒት ከባዶው የበለጠው በትንሹ ብቻ ነው፤ በወር አንድ አስደሳች ግንኙነት እንኳ በማይሞላ ልዩነት። ልዩነቱን ማወቅ የተቻለው ማነጻጸሪያ ስለነበረ ነው። በሙይራ ፑዋማ 62 በመቶ ውስጥ የሥሩ ድርሻ ስንት፣ የተስፋው ስንት እንደሆነ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ካቱዋባ፣ ሙይራ ፑዋማ፣ ጓራናና ዝንጅብል ያለበት ካቱዋማ የሚባል የብራዚል ቅይጥም አለ። ይህ ላቦራቶሪ ውስጥ ከጥንቸል ብልት የተወሰደን ጡንቻ ሲያላላ ታይቷል። ደስ የሚል ግኝት ነው፤ ለጥንቸሏ ጡንቻ። ሰው ሲውጠው ሆድ፣ ጉበትና ደም አልፎ እዚያ ይደርሳል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ፍላጎት ደግሞ ጡንቻ ውስጥ አይደለም ያለው።

ስለዚህ ፍርዴ ይኼ ነው፤ ተክሉ አይረዳም ብሎ ማለት አይቻልም፣ ይረዳል የሚያሰኝ ማስረጃም የለም። «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚል ሻጭ ግን ከዚህ አልፏል።

ደረጃ 5፦ ቶሎ ከሠራ ጠርጥሩ

እንደ ሙይራ ፑዋማ ያሉ ሥሮች ቢረዱ እንኳ በሳምንታት ነው የሚሆነው። ጥናቶቹም በሁለት ሳምንትና በአንድ ወር የተለኩ ናቸው። ታዲያ «ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት አንድ ፍሬ» የሚለውስ? ብዙ ጊዜ ውስጡ የተደበቀ ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል አለ። ሲልደናፊል ማለት ቪያግራ ነው፤ ታዳላፊልም የእሱ ዘመድ ነው።

ይህ ሐሜት አይደለም። የአሜሪካው ኤፍ ዲ ኤ ከ2007 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ያልተጻፈ መድኃኒት ተቀላቅሎባቸው ያገኛቸው 776 ማሟያዎች ተቆጥረው በ2018 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። ከእነዚህ 353ቱ የወሲብ ማነቃቂያ ተብለው የሚሸጡ ነበሩ። በብዛት የተገኘባቸው ድብቅ መድኃኒት ሲልደናፊል ነው። ይህ የአሜሪካ ገበያ ነው፤ መርማሪ ያለበት።

«ታዲያ ከሠራ ምን አገባኝ?» የሚለኝ አለ። አንድ ዋርያዬ እንዲያውም «ቪያግራ በቅናሽ አገኘሁ ማለት ነዋ!» ብሎ ስቆብኛል። መልሴ እንዲህ ነው። ሲልደናፊል ደም ቧንቧ ያሰፋል። የደረት ሕመም ያለበት ሰው የሚወስደው ናይትሮግሊሰሪን ወይም አይሶሶርባይድም ቧንቧ ያሰፋል። ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት በአንዴ ይወድቃል፤ ሰው ሊሞት ይችላል። ለፕሮስቴት የሚሰጡት ታምሱሎሲንና ዶክሳዞሲንም ከእሱ ጋር ግፊት ይጥላሉ። የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸው ውስጥ ሪቶናቪር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ሲልደናፊሉ ከደማቸው ቶሎ አይወጣም፤ ትንሹ መጠን ብዙ ይሆንባቸዋል። በሐኪም የታዘዘለት ሰው መጠኑን ያውቃል፣ ስለ ሌላ መድኃኒቱም ተጠይቋል። ከጠርሙሱ የወሰደው ግን የዛፍ ሥር ዋጥኩ ብሎ ነው የሚያስበው። አንዱ እንክብል 20 ሚሊግራም፣ ሌላው 150 ቢይዝ በምን ያውቃል?

ጠቋሚ ምልክቶች አሉ። በሠላሳ ደቂቃና በሁለት ሰዓት መካከል ውጤት ይመጣል። ፊት ይግላል፣ ራስ ያማል፣ አፍንጫ ይደፈናል፣ አንዳንዴ ነገር ሁሉ ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ታዳላፊል ከሆነ ወገብና ጡንቻ ያማል፤ ውጤቱም እስከ አንድ ቀን ተኩል ሊቆይ ይችላል። እነዚህን ካያችሁ ሁለተኛ አትውሰዱ። ምልክት አለመኖሩ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ በቤት ውስጥ የሚለይበት ዘዴም የለም።

ሌላም ነገር አስታውሱ። ሲልደናፊል ፍላጎት አይፈጥርም። ፍላጎቱ ለጠፋበት ሰው የሚሰጠው ነገር የለም።

ደረጃ 6፦ ከራሳችሁ ጋር አጋጩት

አሁን የጠርሙሱን ዝርዝር በአንድ በኩል፣ የእናንተን መድኃኒትና በሽታ በሌላ በኩል ወረቀት ላይ ጻፉ። ለፋርማሲስት አሳዩት፤ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው፣ ስምም መናገር አያስፈልግም።

ጊንኮ ካለበት ዋርፋሪን፣ አስፒሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን ለሚወስድ ሰው የመድማት ስጋት አለው። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረላችሁም ቀድማችሁ አቁሙ፤ ለሐኪሙም ንገሩ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጨርሶ አይውሰዱ፤ ደኅንነቱ በእነሱ ላይ አልተጠናም። የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበትም ይተወው። ግፊታችሁ ከ140 በ90 በላይ ከሆነ ጓራናም ዮሂምቤም አይነኩም፤ መጀመሪያ ግፊቱ ይስተካከል።

ደረጃ 7፦ ይህን ሁሉ አልፎ ልሞክር ካላችሁ

አዋቂ ሰው ናችሁ፣ ውሳኔው የእናንተ ነው። ግን እንደ ሙከራ አድርጉት።

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ምንም ሳትወስዱ መዝግቡ። በየሳምንቱ መጨረሻ ፍላጎታችሁን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ስጡት፤ ስንት ሌሊት በደንብ እንደተኛችሁ፣ ስንት ቀን ጫት እንደቃማችሁ፣ ከትዳር አጋር ጋር ሰላም እንደነበር አንዳንድ መስመር ጻፉ። ይህ ሳይኖራችሁ በኋላ ለውጡ ከምን እንደመጣ አታውቁም። ከዚያ አንድ ምርት ብቻ ጀምሩ። ማካና ጥቁር አዝሙድ በማር አብሮ መጀመር የለም። ጠርሙሱ ከሚለው ዝቅተኛ መጠን አትለፉ፤ ካልሠራ ብላችሁ አታብዙ። ጓራና ካለበት ጠዋት ውሰዱት፣ በዚያ ቀን ጫት ተዉ። ሳምንት ሲሞላ ግፊታችሁን ተለኩ። አራት ሳምንት ይበቃል። ነጥቡ ካልተንቀሳቀሰ አቁሙ፤ ሁለተኛ ጠርሙስ አትግዙ። ከተንቀሳቀሰም ለሁለት ሳምንት አቁማችሁ እዩት። ሳይወስዱትም ያው ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

ለትዳር አጋር ንገሩ። በድብቅ ሚስት ሻይ ውስጥ የሚጨምር ባል እንዳለ ሰምቻለሁ። ይህ ሰውን ሳያስፈቅዱ መድኃኒት ማብላት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ደረጃ 8፦ ሐኪም ጋ ምን ትላላችሁ?

የሚከብደው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ውሰዱት፦ «ዶክተር፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ ለግንኙነት ያለኝ ፍላጎት ቀንሷል። የምወስዳቸው መድኃኒቶች እነዚህ ናቸው። ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።» በቃ። ድሬዳዋ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን፣ ሐረር ሕይወት ፋና፣ ወይም በሚያመቻችሁ የግል ክሊኒክ ይህ ንግግር ለሐኪሙ አዲስ አይደለም። ሴት ሐኪም ከፈለጋችሁ ካርድ ስታወጡ ጠይቁ።

ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በግፊት፣ በደም ስኳርና በደም ማነስ ምርመራ ነው። እንደ ሁኔታው ታይሮይድና ፕሮላክቲን ይታያሉ። የወንድ ቴስቶስቴሮን የሚለካው ጠዋት ነው፤ ዝቅ ብሎ ከተገኘም በሌላ ቀን ጠዋት ይደገማል። ከሰዓት በኋላ ተለክቶ «ዝቅ ብሏል» ከተባላችሁ በዚያ ብቻ መርፌ አትጀምሩ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የወሰዳችሁትን አትደብቁ።

ከወሰዳችሁ በኋላ ደረት ካመማችሁ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ዓይን ወይም ጆሮ በድንገት ከደከመ፣ ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ብልት ቆሞ ከ4 ሰዓት በላይ ካልወረደ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አራት ሰዓት የሞላው ብልት እስኪነጋ ከተጠበቀ ዘላቂ ጉዳት ይደርስበታል፤ ማፈሩ ይቆይ። እዚያ ስትደርሱ ምን እንደዋጣችሁና በስንት ሰዓት እንደዋጣችሁ ተናገሩ። ለደረት ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ሊሰጣችሁ የተዘጋጀው ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ሲልደናፊል ከሆነ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከሆነ 48 ሰዓት ሳያልፍ አይሰጥም።